የነጎድጓዱ ጆቴ ለስላሳ ካሴት

ጆቴ መርዳሳ ጊታሩን ሲመታ ከሚጫወትበት ሆቴል ማዶ ያለው ዳቦ ቤት መስታወቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አላጋነንኩም፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሆቴሉ ድረስ መጥቶ አቤት ብሏል። በዚያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ "ነጎድጓድ" ብትሉ ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ አልነበረም። "ዛሬ ይጫወታል እንዴ?" ብሎ ነበር ሰው የሚጠይቃችሁ።

ዓመቱ ሰባ አምስት ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት ዳንስ የሚባለው ሁሉ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆኖ፣ ፀሐይ ገና በመስኮት እየገባች ወጣቱ የሆቴሉን አዳራሽ ይሞላዋል። ሞገድ ባንድ ይባላሉ፤ አምስት ናቸው፤ መሪያቸው ድራም የሚመታው ደገፋ ነው። በሌሎች ባንዶች ጊታሩ ለዘፋኙ መንገድ ይለቃል። የጆቴ ጊታር ግን ዘፋኙን ይውጠዋል። በእግሩ የሚረግጣት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረችው፤ ሲረግጣት ድምፁ እንደሚተረተር አቡጀዲ ይሻክራል። ሮክ የሚሉትን የፈረንጅ ሙዚቃ ከአሥመራ የመጡ አሮጌ ሸክላዎች እየሰማ ለብቻው ነው የተማረው።

እኔ ፋዲላ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቻችን ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ ናቸው፤ ታላቅ ወንድሜ መሐመድዘይን መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበረው። የኔ ሥራ ካሴት መቅዳት ነው። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እውላለሁ። የሞገድን ካሴት ስንት ጊዜ እንደቀዳሁት አላህ ይወቀው። ዋነኞቹ ገዢዎች የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ነበሩ። "የነጎድጓድን ስጪኝ፤ በረሃው ላይ እንቅልፌን የሚያባርርልኝ እሱ ብቻ ነው" ይሉኛል።

ስለዚህ ወንድሜ ጆቴን ጠርቶ በስሙ ብቻ አንድ ካሴት እንዲያወጣ ሲጠይቀው የገረመው ሰው አልነበረም።

"ያለ ደገፋ ድራም?" አለ ጆቴ።

"ያለ ማንም። አንተና ያ ጩኸትህ ብቻ።"

ጆቴ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ከመድረክ ሲወርድ ሌላ ሰው ነው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሰላምታው እንኳ በቅጡ የማይሰማ። "እሺ ዘይኔ" አለ። "ግን እናቴን ሳላያት አራት ዓመት ሆነኝ። አሟታል ይሉኛል። ዝዋይ ደርሼ ልምጣና እንጀምራለን።"

በሳምንት ይመለሳል ያልነው ሰው አምስት ሳምንት ቀረ። ወንድሜ አላስቻለውም። ለካሴቱ ሽፋን ሰማይ ሲሰነጥቅ የሚያሳይ የመብረቅ ሥዕል አሠርቶ "ነጎድጓድ ብቻውን" የሚል ጽፎበት ለማተሚያ ቤት ሰጠ። ደገፋ በበኩሉ በየቀኑ እየመጣ "የት ጠፋ ይሄ ሰው?" ይለናል። አዳራሹ በየእሁዱ እየሳሳ ነበር።

ዝዋይ የሆነውን ነገር ጆቴ ያጫወተኝ ኋላ ነው፤ እዚህ ላይ ብነግራችሁ ግን ይሻላል።

እናቱ አዴ ጉዲቱ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ሕይወታቸውን ሙሉ መርፌ ሲወጉና ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ። የወንጌል አማኝ ናቸው። ልጃቸው የሚጫወተውን ለመስማት አንድ ጊዜ ናዝሬት ድረስ መጥተው ነበር። አዳራሹ በር ላይ ቆመው ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ከድነው፣ በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ። አልተጣሉም፤ ተራራቁ እንጂ። በመካከሉ የአዴ ጉዲቱ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። በሩ ታሸገ፤ ውስጡ የእህል መጋዘን ሆነ። ሰብሰብ ብሎ መዘመር የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ።

ጆቴ ዝዋይ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት ነው፤ ጓዳ ጋደም ብሏል። ሰዎች አንድ አንድ እያሉ መግባት ጀመሩ። አንዱ እጁን በፋሻ ጠቅልሏል፤ አንዷ ታቅፋ የመጣችው ልጅ ጉንፋን ይዞታል ትላለች፤ አንድ ሽማግሌ ያነክሳሉ። ጆቴ የእናቱ ሕመምተኞች መስለውት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መስኮቱ ተዘጋ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማ።

"መጀመሪያ ንብ መሰለኝ" አለኝ። "ጣሪያው ላይ ንብ የሰፈረ መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ የሐይቁ ንፋስ ነው አልኩ። ኋላ ነው ዜማ መሆኑን ያወቅኩት። አሥራ አንድ ሰው አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ትንፋሹን እያመቀ ይዘምራል። ፋሻው እውነተኛ አልነበረም። የሚያነክሱት ሽማግሌም አያነክሱም። ፋዲዬ፣ እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ይስማኝ ብዬ ጮኼያለሁ። እነሱ ማንም እንዳይሰማቸው ነው የሚዘምሩት፤ ግን ግድግዳውን አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ።"

በተኛበት አለቀሰ። ዜማውን ያውቀዋል፤ በሰባት ዓመቱ በዚያው ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን እያወዛወዘ ዘምሮታል። በማግስቱ ቁም ሳጥኑ ላይ ተጥሎ የነበረውን የመዘምራኑን አሮጌ ጊታር አወረደ። አንድ ክር ጎድሎታል፤ እንጨቱ ተሰንጥቋል። በአምስት ክር፣ በአውራ ጣቱ ሥጋ ብቻ እየነካካ ያንን ዜማ ተጫወተ። እናቱ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

"አንተም ቀስ ማለት ታውቃለህ እንዴ?" አሉት።

"አሁን ነው የተማርኩት፣ አዮ።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይጫወትላቸው ጀመር። ሕመሙ ልብ ነበር፤ ሲያደክማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዜማውን ካሴት ላይ ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። "ቃሉን ተወው" አሉ በመጨረሻ። "ዜማውን ውሰድ። ቃሉ እኛ ጋ ይቆያል።"

ናዝሬት ሲመለስ ወንድሜ ሱቅ አልነበረም። ጆቴ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ያችን ባለ ባትሪ ድንጋይ ቴፕ ሪከርደርና ሁለት ማይክ ይዤ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። "ስቱዲዮ አልፈልግም" አለ። "የምፈልገው ድምፅ መንገድ ላይ ነው ያለው። መቅዳት የሚያውቅ ጆሮ ደግሞ ያንቺ ነው።"

ሴት ልጅ ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር ከተማ ለከተማ ልትዞር! እናቴ ከሪማ ስትሰማ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጆቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ስንት ቀን ነው?"

"ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው፣ እትዬ ከሪማ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ" አለች። ወንድሜን ያሳመነችውም እሷ ናት። እንዴት እንዳሳመነችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ያንን ሁለት ሳምንት ሳስበው በእንቅልፍ ልቤ ያለፈ ይመስለኛል። አውቶቡሱ ሞጆን አልፎ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ አየሩ ሌላ ሆነ። ግራሩ፣ አቧራው፣ ሩቅ የሚብለጨለጨው ውሃ፤ ሁሉም ነገር ከመስታወት ኋላ ያለ ይመስላል። ጆቴ ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ መስኮቱ ጋ ተኝቷል። እናቴ ቆሎ ትቆረጥማለች።

መቂ ላይ ወረድን። ሴቶች ግራር ሥር ተቀምጠው የሽንኩርት ክምር ይለያሉ። ትልቁን ወዲህ፣ ትንሹን ወዲያ፣ የተበላሸውን ወደ ኋላ ይወረውራሉ፤ በውርወራው ምት ኦሮምኛ ይዘፍናሉ። ስለ ሽንኩርቱ ነው፤ ስለ አንድ ሰነፍ ደላላም ነው፤ ይስቃሉ። ጆቴ ፈቃድ ጠይቆ መሬት ላይ ተቀመጠና ከዘፈናቸው ሥር ሥር እየሄደ ጊታሩን ነካካ። አንዷ "ይሄ ሰውዬ ሽንኩርቱን ሊያስተኛው ነው!" አለችና ሁሉም ሳቁ። ሳቁም ካሴቱ ላይ አለ። አላወጣሁትም።

ዝዋይ ላይ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ማይኩን ደንገሉ ውስጥ ሰቀልኩት። ከደሴቶቹ የሚመጣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ፣ ውሃው ላይ ሆኖ ለራሱ የሚያንጎራጉረው ነገር ነበር፤ ቃሉ አይለይም። ጆቴ ከዳር ሆኖ በጊታር መለሰለት። ሰውየው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንጎራጎረ። እንዲያ እየተጠራሩ፣ ተያይተው ሳያውቁ፣ ጀልባዋ ጉም ውስጥ ገብታ ጠፋች። መሀሉ ላይ የሚሰማው ከባድ ትንፋሽ የጉማሬ ነው። እናቴ ልብሴን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ፤ እኔ ግን ቴፑን አላጠፋሁም።

በዚያው ቀን አዴ ጉዲቱ ቤት ገባን። ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ተሳሳሙ። "አካም ጅርቱ?" አሉ አዴ ጉዲቱ፤ እናቴም "ነጋ፣ ነጋ" አለች፤ የምታውቀው ኦሮምኛ እሱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ያንን ዜማ ቀዳነው። ጆቴ ደጋግሞ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየለወጠ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ተጫወተው። አዴ ጉዲቱ ከአጠገቡ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አላወጡም። ማዳመጫው ውስጥ የሰማሁት ትንፋሻቸውን ብቻ ነው።

ላንጋኖ ደግሞ ውሃው የወተት ሻይ ይመስላል። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች የአንዱ ዘበኛ፣ ባዶ ክፍል ሰጠን። ሚስቱ የአራት ወር ልጅ ነበራት፤ ቀኑ ሐሩር ስለሆነ ልጁ እምቢ ብሎ ያለቅሳል። እናቴ ተቀበለቻትና ጥላ ሥር እያወዛወዘች ማንጎራጎር ጀመረች። ይህን እንጉርጉሮ ለኔም፣ ለወንድሜም ብላዋለች፤ ከወሎ ይዛው የመጣችው ነው።

"ሐይቁም ተኝቷል፣ ንፋሱም ተኝቷል፣
ያንተ ዓይን ብቻውን ምን ይጠባበቃል?"

ጆቴ በምልክት ቴፑን እንድከፍት ነገረኝ። እናቴ ቀይዋ መብራት መብራቷን ስታይ "ምን ልታደርጉ ነው?" አለች፤ ግን ልጁ ዓይኑ ክድን ክድን ሲል አይታ ማቆም አልቻለችም። ሲያልቅ "የሰው መሳቂያ ታደርጉኛላችሁ" ብላ ተቆጣች። ሲመሽ ግን፣ እራት ላይ፣ "ደግሞ እስቲ ልስማው" አለች።

አንዱን ዘፈን ጆቴ ራሱ ዘፈነው። ዘፍኖ አያውቅም። ድምፁ ቀጭን ናት፤ ጫፏ ትሰነጠቃለች። ለዚያ መስታወቱ ለሚንቀጠቀጥበት ባለ ዳቦ ቤት የተገጠመ የይቅርታ ዘፈን ነው፤ እኔና እናቴ እስኪያመን ሳቅን። ግጥሞቹ በሳንሱር ተመርምረው ፈቃድ ሲያገኙ፣ የዘጠኝ ደቂቃው ዜማ ግን የሚመረመር ቃል አልነበረውም። ርዝመቱ ስላስቸገረኝ ከአንደኛው ፊት መጨረሻ ላይ አደረግኩት።

ወንድሜ ካሴቱን የሰማው ሱቁን ዘግቶ ነው። እኔና ጆቴ ቆመናል። ሽንኩርቱ አለፈ። ጀልባው አለፈ። እናቴ ስትዘፍን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ካሴቱ ሲያልቅ ቴፑን አጠፋ።

"ነጎድጓዱ የት አለ?" አለ።

"የለም" አለ ጆቴ።

"አንድም ቦታ?"

"አንድም ቦታ።"

"ሽፋኑ ታትሟል እኮ! መብረቅ ነው ያለበት!"

"ይቅር በለኝ ዘይኔ።"

ወንድሜ ቁጡ ነው፤ ክፉ ግን አይደለም። ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን መጥቶ፣ "የእማን ድምፅ ይዤ አላወጣም ብል እሷ ታወጣኛለች" አለና የታተመውን ሽፋን ተሸክሞ ገባ። እንዲህ ሆኖ ያንን ለስላሳ ካሴት በመብረቅ ሥዕል ሸጥነው።

መጀመሪያ ላይ ሾፌሮቹ ተሻሙበት። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ጉደታ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ካሴቱን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። "ይሄንን ከፍቼ መተሐራን ሳላልፍ ልገለበጥ ነበር! እንቅልፍ ይዞኝ እልም! ምን በደልኩሽ?" አለኝ። ሌላው ተሳስተን ሌላ ሰው የቀዳንበት መስሎት ነው የመጣው። አንዱ "ጊታሩ ታሟል ወይ?" ብሎ ከልቡ አዝኖ ጠየቀኝ።

ከሁሉ የከፋው ያ እሁድ ነበር። ጆቴ ወደ ባንዱ ተመልሶ መሀል ላይ አንድ ዘፈን ከካሴቱ ልጫወት አለ። ደገፋ እሺ አለው። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ጆቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ያንን የተሰነጠቀ ጊታር አነሣና የጀልባ ቀዛፊውን ዜማ ጀመረ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ "ነጎድጓድ! ነጎድጓድ!" እያሉ እግራቸውን መሬት ላይ መቱ። ከዚያ መውጣት ጀመሩ። ጆቴ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ሲጨርስ ከሃያ የማይበልጥ ሰው ነው የቀረው፤ ከነሱ አንዱ ባለ ዳቦ ቤቱ ነበር፤ ለብቻው ቆሞ አጨበጨበ።

ደገፋ የድራም ዱላዎቹን ኪሱ ከተተ። "እኔ አልከፋኝም ጆቴ" አለ። "ጥሩ ነው። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነው። ግን እኔ ከሱ ጋር ምን ልምታ?" ብሎ ወጣ። ጆቴ ለጥቂት ወራት ባንዱን ተወ። ቀን ቀን ሱቃችን እየመጣ ቴፕ ይጠግናል፤ ካሴቱ ከመደርደሪያው አልወርድ ማለቱን ያያል።

ከፋሲካ በኋላ ነው አንድ ነገር ማስተዋል የጀመርኩት። ባለ መብረቁን ካሴት ሴቶች ይገዙት ጀመር። ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ ትልልቅ እመቤቶች። አንዷ የሺዓለም የሚባሉ የዝዋይ አስተማሪ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ አምስት ወሰዱ።

"እትዬ፣ ሮክ ይወዳሉ እንዴ?" አልኳቸው እየሳቅኩ።

"በጣም" አሉ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ከመቂ መጡ። ከአርሲ ነጌሌ፣ ከሻሸመኔ መጡ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው። "የአንደኛው ፊት መጨረሻ ላይ ያለው ሙሉ ነው አይደል? አልተቆረጠም?" ወንድሜ ግራ ገባው። "ወጣቱ ጠልቶት አሮጊት ሁሉ የሚወደው ምን ዓይነት ሮክ ነው?" ይላል። እኔም አልገባኝም። ጆቴም አልገባው። እናቱን ሲጠይቃቸው "ሰው ደስ ብሎት ነዋ" ብቻ ይሉታል።

በሰኔ መጀመሪያ ለአዴ ጉዲቱ መድኃኒት ይዞ ሊሄድ ሲል፣ የሺዓለም ያዘዙትን ካሴት ላደርስ አብሬው ሄድኩ፤ እናቴ በዚያን ጊዜ እሱን እንደ ልጇ ማየት ስለ ጀመረች ብቻዬን ለቀቀችኝ። እሁድ ጠዋት ነው። ዝናብ ጥሎ አቧራው ተኝቷል። ጋሪ ይዘን የሰፈሩ መጨረሻ ደረስን። ከቁልቋሉ አጥር ጋ ስንደርስ ጆቴ የጋሪውን ባለቤት ትከሻ ነካ አድርጎ አስቆመው። ወርደን ጋሪው ተመለሰ።

ከአዴ ጉዲቱ ቤት ውስጥ ካሴቱ ይሰማል። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

"ይሄ እኔ የቀዳሁት አይደለም" አለ ጆቴ በሹክሹክታ። "የኔ አንድ ጊታር ብቻ ነው።"

ጆሮዬን አቀናሁ። ጊታሩ የሱ ነው። በላዩ ላይ ግን ድምፆች አሉ። የሴት፣ የወንድ፣ የሽማግሌ፤ ከታች የሚሄድ፣ ከላይ የሚወጣ። ቃሉ ከተዘጋው መስኮት ኋላ ደብዘዝ ይላል እንጂ መዝሙር ነው። አፋቸውን ከፍተው፣ ደረታቸውን ሞልተው ነው የሚዘምሩት። መንገደኛ ቢያልፍ ምን ይላል? የጆቴ ካሴት ነው ይላል፤ የዚያ የዘፋኙ፣ የዚያ የጯሂው። ማን ይጠረጥራል? በዚያች ሰዓት በመቂም፣ በሻሸመኔም መስኮቶች ተዘግተው ምን እየሆነ እንዳለ ገባኝ።

ጆቴ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሊገባ ፈልጎ ነበር፤ ግን አልገባም። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ፣ የራሱን ጊታር ተከትሎ ይጫወታል። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ድምፁን ይዞ ይሄዳል፣ ይመልሰዋል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም።

"አካም ቡልተኒ?"

ደንግጬ ዞርኩ። እንደምን አደራችሁ ያለን የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቷል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ሰው። ጆቴ ተነሥቶ ሰላም አለው፤ መርጋ ብሎ በስሙ ጠራው፤ የሰፈሩ ሰው ነው። መርጋ ወደ ቤቱ አገጩን ጠቆመ።

"ምንድነው እሱ?"

እኔ ነኝ የመለስኩት። "ካሴት ነው። ናዝሬት ከኛ ሱቅ የተገዛ ነው፤ የሱ ካሴት ነው።"

"የሱ የጆቴ?" ጆቴን አየው። "አንተ ትጮሃለህ አይደል እንዴ?"

"ይሄኛው ለየት ያለ ነው" አልኩ።

"ዘፋኞቹ ብዙ ናቸው።"

"ባንድ ነው" አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን አዲስ ካሴት አውጥቼ አሳየሁት። መብረቁን አገላብጦ አየ። ማንበብ ይችል አይችል አላውቅም። መለሰልኝና፣ ሳይቸኩል፣ ከአጥሩ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆመ። ያዳምጣል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

በዚህ መሀል የአንደኛው ፊት አለቀ።

እኔ ነኝ የቀዳሁት፤ የት ላይ እንደሚያልቅ በሴኮንድ አውቃለሁ። ጊታሩ ቆመ። ድምፆቹ ግን አልቆሙም። መዝሙሩ ውስጥ ገብተው ራሳቸውን ረስተዋል፤ ካሴቱ ማለቁን አንዳቸውም አላስተዋሉም። ያለ ጊታር፣ ያለ መሸፈኛ፣ ባዶ ድምፃቸው ከዚያ ቤት ወጥቶ መንገዱን ሞላው። አንድ ሙሉ ስንኝ ዘመሩ። ሁለተኛውን ጀመሩ። ጆቴ እጄን ያዘኝ። መርጋን ማየት ፈራሁ፤ ጫማውን ነው የማየው።

ከውስጥ አንድ ሰው ገባው መሰለኝ፤ ድምፁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። አንድ አህያ ሩቅ ቦታ አናፋች።

መርጋ ጠመንጃውን አስተካክሎ አነገተ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ካሴቱ አልቋል" አለ። "ግባና ገልብጡት በላቸው።"

ጭቃውን እየረገጠ ቀስ ብሎ ሄደ። አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞረም።

ጆቴ ገባ። እኔ ውጪ ቀረሁ። ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። አዴ ጉዲቱ በሩ ላይ ሆነው ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉልኝ፤ አቀፉኝ፤ የካምፎር ሽታ ነበራቸው። "ቁርስ በልታችኋል?" ብቻ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ከጆቴ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን አስጥተዋል፤ ነጫጭ ወፎች በየጀልባው ጫፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እሱ በመስከረም ወደ ደገፋ እንደሚመለስ ነገረኝ፤ ጊታሩ ናፍቆት ነበር፤ መጮኹም ናፍቆት ነበር። ተመልሶም ለዓመታት አብረው ተጫወቱ፤ ደገፋም ኋላ ላይ ድራሙን በጣቶቹ ብቻ መንካት ተማረለት። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር።

"ዘይኔን ምን እንለዋለን?" አልኩት። "በየቀኑ ይጠይቀኛል። ለምን ገዙት ብሎ።"

ጆቴ ውሃውን እያየ አሰበ።

"ሰው ወዶት ነው በይው" አለ።

ማታ ናዝሬት ስገባ ወንድሜ ሱቁን እየጠረገ ነበር። እንደዚያው አልኩት። መጥረጊያውን አቁሞ ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ "እንግዲያው ነገ ሌላ ሃምሳ ቅጂ" አለና መጥረጉን ቀጠለ።